የተሰወረው ረኀብና የገጠር ተማሪ



ረኀብ ሲባል በሰው ሁሉ ኅሊና የሚመጣው የከሳ ሰውነት፣ የጐደጐደ ዐይንና ባዶ መሶብ ነው። እንዲህ ያለውን ረኀብ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ማንም ያየዋል፤ ማንም ያዝንለታል። ነገር ግን ሆዱ ሞልቶ የሚራብ ሰው አለ። እናቱ በጠዋት ገንፎውን አብልታ፣ ፊቱን አጥባ የላከችው ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰውነቱ ከምግቡ ያላገኘውን አንድ ጥቂት ነገር እየፈለገ ይራባል። የምግብ ሊቃውንት ይህን «የተሰወረ ረኀብ» ይሉታል። ስሙም ተገቢ ነው፤ የሚራበው ልጅ ራሱ መራቡን አያውቅምና። እናቱም አታውቅም። ብዙ ጊዜ መምህሩም አያውቅም፤ ባለማወቁም ልጁን በሌላ ስም ይጠራዋል። ሰነፍ ይለዋል፤ እንቅልፋም ይለዋል፤ ትዕግሥቱ ባለቀ ቀን ደግሞ ደደብ ይለዋል።

መምህር በልጅ ላይ የሚያወጣው ስም ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ስሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አባቱ ይሰማዋል፤ በሚመጣው ዓመት «ይህ ልጅ ትምህርት አልሆነለትም» ተብሎ ከብት እንዲጠብቅ ይደረጋል። እንግዲህ ስሙ ከመሰጠቱ በፊት የልጁ አንገት፣ የልጁ ዐይንና የልጁ መዳፍ ሊታይ ይገባል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ብዙ አገር መጥቀስ ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ሱዳን ለኢትዮጵያ መምህር የሚቀርብ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ካርቱም ላይ ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። የሱዳን ገበሬ እንደ ኢትዮጵያ የቈላ ገበሬ ማሽላ ያበቅላል፤ ኪስራ የሚባለው ስስ እንጀራውና ዐሲዳ የሚባለው ገንፎው ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደሉም። ከዚህም በላይ ካርቱም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የዕውቀት ከተማ ነበረች። የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም የሐሩር አገር በሽታዎች ምርምር ቤት ተቋቋመ፤ በ1924 የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚህ መሠረት ላይ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ቆመ። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ዕውቀቱ በከተማው ተከማችቶ ሳለ የገጠሩ ልጅ ስለ ምን ተራበ የሚለው ጥያቄ በካርቱም ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጐልቶ ይነሣል።

አስቀድሞ የተሰወረው ረኀብ ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። ሰውነት በብዛት ከሚፈልገው ከእህል፣ ከቅባትና ከሥጋ ሌላ በጥቂቱ ብቻ የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። ከነዚህም ስለ ተማሪ ሲነገር ሦስቱ ይበልጣሉ። ብረት ደምን ይሠራል፤ ብረት ያነሰው ልጅ ፊቱ ይገረጣል፤ ቶሎ ይደክማል፤ ሐሳቡም አይረጋም። ቪታሚን ኤ የዐይንን ብርሃንና ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል ይጠብቃል፤ ይህ የጐደለው ልጅ ፀሐይ ሲጠልቅ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ሕዝቡም ይህን ዳፍንት ይለዋል። ሦስተኛው አዮዲን ነው፤ በጕሮሮ ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ እጢ የምትሠራው በእርሱ ነው፤ የአካልንና የአእምሮንም ዕድገት የምትመራ እርስዋ ናት።

የነዚህ ነገሮች መጠን እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 120 ማይክሮግራም፣ ለዐዋቂ ሰው ደግሞ 150 ማይክሮግራም አዮዲን እንዲደርሰው ይመክራል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ በእጁ የሚይዘው አንድ ሙሉ ጠመኔ ከዚህ ይከብዳል። ነገር ግን ይህ ከጠመኔ የሚያንሰው ነገር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዕድሜ ሁሉ የሚበቃ አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህ በየቀኑ በሚለው ቃል ላይ ነው።

አዮዲን ከወዴት ይመጣል? ከምድር ነው፤ ነገር ግን ዝናብና ጐርፍ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ከደጋውና ከተራራው አፈር እያጠቡ ወደ ባሕር ወስደውታል። ስለዚህ ከባሕር የሚወጣው ዓሣ አዮዲን ሲኖረው ከባሕር የራቀው ምድር የሚያበቅለው እህል ይጐድለዋል። እህሉ መልኩ አይለወጥም፤ ጣዕሙም አይቀንስም፤ ገበሬው ቢያርምም ቢኰተኵትም ጕድለቱን ሊያውቀው አይችልም። እጢዋ አዮዲን ባጣች ጊዜ የተገኘውን ጥቂት ለመያዝ ስትደክም ታብጣለች፤ ይህ እብጠት እንቅርት ነው። በመንደሩ ብዙ ሰው እንቅርት ካለው ደግሞ እንደ ተፈጥሮ ይቈጠራል እንጂ እንደ በሽታ አይታይም።

ይሁን እንጂ እጅግ የሚያሳዝነው በአንገት ላይ የሚታየው ሳይሆን ከአንገት በላይ የሚሆነው ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ቢጐድላት የልጁ አእምሮ ገና በማኅፀን ሳለ ይጐዳል፤ ያ ጕዳት በኋላ አይጠገንም። ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና በ1994 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው አዮዲን በሚጐድልበት አገር የሚኖሩ ሰዎች በአእምሮ መለኪያ ፈተና የሚያገኙት ውጤት አዮዲን ከሚያገኙት በአማካይ በ13.5 ነጥብ ያነሰ ነበር። ይህ ለአንድ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል በመዛወርና በመውደቅ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። የመንደሩ ልጆች ሁሉ በአንድነት ወደ ኋላ ሲቀሩ ግን ጕድለቱን የሚያስታውቅ ጐበዝ በአጠገባቸው አይገኝም፤ መምህሩም «የዚህ አገር ልጅ ትምህርት አይገባውም» ብሎ ወደ ሌላ ስፍራ ለመዛወር ያመለክታል።

አሁን ወደ ሱዳን እንመለስ። በ2011 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጥናት በልዩ ልዩ የሱዳን ከተሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ያላቸውን ከ6,000 በላይ ተማሪዎች መርምሮ፣ ከ100ው ተማሪ 38.8 ያህሉ እንቅርት እንዳለው ገልጿል። ከካርቱም በዓባይ ማዶ ባለችው በኦምዱርማን ቍጥሩ ከ100ው 12.2 ሲሆን፣ ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በኮስቲ ግን 77.7 ደረሰ። በሽንት ውስጥ ያለው አዮዲን በተለካ ጊዜም ልዩነቱ እጅግ የሚያስገርም ሆነ። በአንድ ዴሲሊትር ሽንት ውስጥ ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም ድረስ ቢገኝ በቂ ይባላል፤ የኮስቲ ልጆች መካከለኛ መጠን 2.70 ብቻ ሲሆን፣ የፖርት ሱዳን ልጆች መጠን 46.40 ነበር። ፖርት ሱዳን በቀይ ባሕር ዳር ያለች፣ ጨው የሚመረትባት ከተማ ናት። በአንድ አገር፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ አንዱ ልጅ ከሚበቃው በላይ ሲያገኝ ሌላው ከሚበቃው ሩቡን እንኳ በጭንቅ ያገኛል ማለት ነው።

ይህ ጥናት የተደረገው እንቅርትን ለማጥፋት የሚደረገው ሥራ በሱዳን ከተጀመረ ከ25 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል። የተመረመሩት ልጆች በከተማ የሚማሩ ነበሩ። ከገበያና ከሐኪም አጠገብ ያለው ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ከኮስቲ ወጥቶ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ያለው ልጅ እንዴት ይሆን ብሎ መጠየቅ የመምህር ድርሻ ነው።

የዳርፉር ነገር ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በዚያ አገር ባሉ ብዙ ስፍራዎች አብዛኞቹ ተማሪዎች እንቅርት እንዳለባቸው አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹም የአዮዲን ማነስ ብቻ ሳይሆን ሌላ ምክንያት አገኙ። የዳርፉር ገጠር ሕዝብ ዋና ምግብ ዱኽን የተባለው ደቃቅ እህል ነው፤ በውስጡ ያሉት አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የታይሮይድ እጢን ሥራ የሚያውኩ መሆናቸው በ1989 በታተመ የምርምር ሥራ ተገለጸ። እንግዲህ ድኻው ልጅ አዮዲን ከጐደለው ምድር በቅሎ አዮዲንን በሥራ ላይ እንዳይውል የሚያሰናክል እህል ይበላል። የኢትዮጵያ ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ቪታሚን ኤም ሱዳን ለዓለም አንድ ትምህርት ሰጥታለች። በካርቱምና በገዚራ አውራጃዎች ገጠር 28,753 ሕፃናት የተመዘገቡበት ታላቅ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በ1992 ታተመ። ለግማሾቹ በየስድስት ወሩ ብዙ ቪታሚን ኤ ያለበት እንክብል፣ ለግማሾቹ ደግሞ ቪታሚን ኤ የሌለበት እንክብል ተሰጠ፤ የአንዱና የሌላው ወገን ሕፃናት ሞት ግን የሚለያይ ሆኖ አልተገኘም። ይህ በሌሎች አገሮች ከታየው ጋር አይስማማም፤ በኢንዶኔዥያ በአቼ ተደርጎ በ1986 የታተመው ጥናት እንክብሉ ሞትን በሢሶ ያህል እንደ ቀነሰ ገልጾ ነበርና። እንክብሉም ሕፃናትን ከመታወር የሚያድን ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። ትምህርቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች የሱዳን ሕፃናት በየቀኑ ምን እንደሚበሉ ጽፈው ነበር፤ ያንን በመረመሩ ጊዜ በምግባቸው ብዙ ቪታሚን ኤ የሚያገኙት ሕፃናት ጥቂት ከሚያገኙት ይልቅ በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ከከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣው መድኀኒት ያላሳየውን ልዩነት በየቀኑ ከቤት ማጀት የሚወጣው ምግብ አሳየ። የቤት ማጀት ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይልቅ ለትምህርት ቤት ይቀርባል።

በዚህ ቦታ በነጭ ዓባይ ዳር በአድ ዱዌም አጠገብ በ1934 የተቋቋመውን የባኽት ኧር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ማንሣት ይገባል። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ግሪፊትስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ማሠልጠኛው በካርቱም ሳይሆን ከካርቱም ርቆ በገጠር እንዲቆም የተደረገው የገጠር መምህር በገጠር ኑሮ ውስጥ እንዲሠለጥን ታስቦ ነው። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር። ልጁ ከሚኖርበት ቤት፣ ከሚበላው ምግብና ከሚጠጣው ውሃ ተለይቶ የሚታወቅ ተማሪ የለም፤ መምህሩም ይህን ሁሉ ካላወቀ የሚያውቀው የልጁን ስምና የፈተናውን ውጤት ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ማሠልጠኛ ያለበት የነጭ ዓባይ አገር፣ ከላይ ቍጥሯ የተጠቀሰው የኮስቲም አገር ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት በመንደሩ አጠገብ መቆሙ ብቻውን አይበቃም፤ ስለ አንገትና ስለ ዐይን፣ ስለ ጨውና ስለ ቅጠላ ቅጠል የሚሰጠው ዕውቀት በማሠልጠኛው ትምህርት ውስጥ ገብቶ፣ ከመምህሩ ወደ ልጁ፣ ከልጁም ወደ እናቱ መድረስ አለበት። አባቶች «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። በመጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ወደ ልጁ ገበታ ያልደረሰ ዕውቀትም እንዲሁ ድንጋይ ነው።

ምናልባት «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ መምህር ምን አገባው» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በታሪክ ይገኛል። እንቅርትን መከላከል እንደሚቻል በብዙ ሕዝብ ዘንድ ከተረጋገጠባቸው ቀዳሚ ስፍራዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነበር። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ ማሪንና ኪምባል የተባሉ ሐኪሞች ከ1917 ጀምሮ ለሴት ተማሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ጥቂት የአዮዲን ጨው ይሰጡ ነበር። ከወሰዱት 2,190 ተማሪዎች እጢያቸው ያበጠው 5 ብቻ ነበሩ፤ ካልወሰዱት 2,305 ተማሪዎች ግን 495 አበጠባቸው። በ1922 በስዊስ አገር፣ በ1924 ደግሞ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። እንግዲህ ዛሬ በሱቅ የሚገኘው አዮዲን ያለበት ጨው ከተማሪ ወንበር የተወለደ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ደግሞም «ልጁ ከተጐዳ በኋላ ምን ይደረግለታል» ብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በማኅፀን የደረሰው ጕዳት የማይጠገን ቢሆንም፣ በትምህርት ዕድሜ ላይ ያለው ጕድለት ሲሞላ ልጁ ይሻሻላል። በአልባኒያ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባላቸው 310 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት አዮዲን ያለበት ዘይት የተሰጣቸው ልጆች በ24 ሳምንት ውስጥ ካልተሰጣቸው ይልቅ በፈተና የተሻለ የማስተዋልና የማሰብ ፍጥነት እንዳገኙ አሳይቷል። ሃያ አራት ሳምንት የአንድ የትምህርት ዓመት ግማሽ ያህል ነው። በመስከረም ደደብ የተባለው ልጅ በመጋቢት ሌላ ልጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

የኢትዮጵያም ነገር ከሱዳን የራቀ አይደለም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያላቸውን የኢትዮጵያ ልጆች የመረመረና በ2007 የታተመ ጥናት ከ100ው ልጅ 39.9 ያህሉ እንቅርት እንዳለው ገልጿል። ይህ ቍጥር ከሱዳኑ 38.8 ጋር ሲነጻጸር የሁለቱ አገሮች ልጆች በአንድ ወንበር የተቀመጡ ይመስላሉ። ኢትዮጵያ ቀድሞ ብዙውን ጨው ከአሰብ ታገኝ ነበር፤ በ1998 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያ መንገድ ተዘጋና አገሪቱ በአፋር ወዳለው ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች፤ ያ ጨው ግን አዮዲን አልተቀላቀለበትም ነበር። በ2011 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15 ቤት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ አወጣ። በ2016 በተደረገው ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረው ቤቶች ከ100ው በ89ኙ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። በአምስት ዓመት ውስጥ የታየው ይህ ለውጥ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን አዮዲን ያለበት ጨው ሁሉ በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም፤ ክዳን በሌለው ዕቃ የተቀመጠ፣ እርጥበት የነካው ወይም ወጡ ገና ሲጣድ የተጨመረ ጨው ከአዮዲኑ ብዙውን ያጣል። ደንቡ ጨውን እስከ ገበያ ያደርሰዋል፤ ከገበያ እስከ ልጁ አፍ ያለውን መንገድ ግን የሚጠብቀው ማነው?

ይህን መንገድ ለመጠበቅ መምህር ሊያደርጋቸው የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ማየት ነው። በየጠዋቱ ስም ሲጠራ ልጁ ቀና ብሎ ሲመልስ አንገቱ ይታያል። ሐኪሞች የእንቅርትን መጀመሪያ የሚለኩት የእጢዋን አንዱን ወገን ከልጁ ከራሱ አውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ጋር በማነጻጸር ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አብጧል ይላሉ። መምህሩ ይህን በእጁ መዳሰስ አይጠበቅበትም፤ ዐይኑ ይበቃል። በዐይን ነጭ ክፍል ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነጭ ነጥብ፣ የገረጣ መዳፍ፣ አፈር የመብላት ልማድ፣ ሲመሽ የመደናበር ነገር ከታየ ሁሉም የሚናገሩት አላቸው። ያየውንም መምህሩ ወደ ጤና ጣቢያ ያስታውቃል፤ መድኀኒት ማዘዝ የእርሱ አይደለም። በክፍል ፊትም ልጁን «እንቅርታም» ብሎ ማሳፈር ደደብ ከማለት የከፋ ነው።

ሁለተኛ፤ መጠየቅ ነው። ልጅ ሲዘገይ፣ ሲያንቀላፋ፣ ትምህርቱን ሲረሳ፣ አርጩሜ ከመነሣቱ በፊት «ዛሬ ምን በላህ? ትናንትስ ማታ ምን በላህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጊዜ አይፈጅም። የአንድ ሳምንት መልስ በደብተር ቢጻፍ የመንደሩ ምግብ ሁሉ በፊት ይገለጣል፤ ገንፎና ሻይ፣ ሻይና ገንፎ ብቻ ሆኖ ከተገኘም ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ማስተማር ነው። ተማሪው ሁሉ ከቤቱ በወረቀት የተጠቀለለ ቍንጥር ጨው ይዞ ቢመጣና በመመርመሪያው ጠብታ ቢፈተሽ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ የሌለበት ግን ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህ የሳይንስ ትምህርት ነው፤ የሒሳብም ትምህርት ነው፤ ስንቱ ጨው ቀለሙን ለወጠ ተብሎ ከመቶ ይሰላልና። ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ «እማዬ፤ የእኛ ጨው ቀለም አልለወጠም» ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ሰባኪ የለም። ጨውን ከድኖ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመርም በዚሁ ይታወቃል። ነገር ግን ጨው ይብዛ ማለት አይደለም፤ የተለመደው ጨው አዮዲን ይኑረው ማለት ነው እንጂ። ስለ ብረትም እንዲሁ፣ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያሰናክል፣ ሎሚና በሱዳን ጎንጎሌዝ የሚባለው ኰምጣጣ የዛፍ ፍሬ ግን እንደሚረዱ ማስተማር ቀላል ነው።

አራተኛ፤ መትከል ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቂት መደብ ጐመን፣ ካሮት፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንችና አንድ የፓፓያ ዛፍ ከተተከሉ ልጆቹ ለቪታሚን ኤ ገንዘብ እንደማያስፈልግ በዐይናቸው ያያሉ። በሱዳን ገጠር መሉኪያና ባሚያ የድኻ ምግብ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ጐመንም እንዲሁ በንቀት ይታያል። መምህሩ በግቢው ሲተክለው ግን የተናቀው ይከበራል።

የመምህር ሸክም ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው። የክፍሉ ተማሪ ብዙ፣ መጽሐፉ ጥቂት፣ ደመወዙም አነስተኛ ነው፤ መምህሩ ራሱ በተሰወረው ረኀብ ያደገ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ የተነገሩት አራቱ ነገሮች አዲስ ሸክም አይደሉም፤ ስም መጥራት፣ መጠየቅ፣ ማስተማርና ግቢን ማሳመር ቀድሞውንም የመምህር ሥራ ናቸው። የሚለወጠው ዐይኑ ብቻ ነው። ለትምህርት ቤት ሹማምንት የሚቀረው ደግሞ ይህን ዕውቀት በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ውስጥ ማስገባት፣ የጨው መመርመሪያ ለትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ከጤና መሥሪያ ቤት ጋር መስማማት፣ የተቈጣጣሪውም ሪፖርት የተማሪውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ጤና እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ካርቱም የጦር ሜዳ ሆነች። በዚያው ዓመት ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ዩኒሴፍ አስታወቀ፤ በነሐሴ 2024 ደግሞ በዳርፉር በዛምዛም የተፈናቃዮች ሰፈር ረኀብ መግባቱ ተረጋገጠ። በተሰወረው ረኀብ ላይ የተገለጠው ረኀብ ታከለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ጨውና ስለ ጐመን መናገር የቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚንከራተት ልጅ በእርዳታ የሚያገኘው እህል ሆዱን ቢሞላ እንኳ ከጠመኔ የሚያንሰውን ነገር ላያገኝ ይችላል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ልጆችን ሰብስቦ የሚያስተምር አንድ መምህር ካለ ግን ያን ጕድለት የሚያይ ዐይን አለ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ በኮስቲ አካባቢ ባለ በአንድ መንደር፣ ወይም በጐጃም፣ ወይም በወሎ፣ በኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ በሐሳብ ይታይ። ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ብሏል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ወደ እርሱ ይሄዳል። በዚያች ጊዜ መምህሩ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ ወይም ቀና እንዲል ነግሮ አንገቱን ሊያይ ይችላል። የመጀመሪያው ለሁለቱም ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ዕድሜውን ሁሉ ይከፍልበታል። ሁለተኛው የሚጠይቀው አንድ እይታ ብቻ ነው። ክቡራን መምህራን፤ ያች እይታ ለማንም ልጅ አትንፈግ።